መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ድረ ገጽ

ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ ልጅሽም ደርሳለች ማለት ነው። እማዬ በካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰፍታ ስለምትይዘው፣ እነሱ ሳይደርሱ ወረቀቱ ብቻውን የሚደርስበት መንገድ የለም። ስለዚህ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሚና መጀመሪያ ሚጢን እቀፊያት። የጸጉሯ ማጠር አያስደንግጥሽ፤ በመንገድ ላይ ሲያዩዋት ወንድ ልጅ እንድትመስል ብዬ ዛሬ ጠዋት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቆይታ ግን መስታወት ፊት ቆማ "አሁን እኔ ማን ነኝ?" እያለች ስትስቅ ነበር።

አሁን ተቀመጪ። ለምን አብሬያቸው እንዳልመጣሁ እማዬን ጠይቀሻት ይሆናል፤ እሷም "ሥራ ይዟት ነው" ብላሽ ይሆናል። እንዲያ በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን ሳታነቢ በፊት እንዳትደነግጪ። እኔና አንቺ ግን ተዋሽተን ስለማናውቅ፣ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ። 

የሚጢ አባት ወደማያውቀው ወደዚህ ቤት ተደብቀን ከገባን በኋላ፣ አንቺ ስትሄጂ ምን እንደተስማማን ታስታውሻለሽ። ስልክ አይሆንም አልን፤ የሚጢ አባት ስልክሽን እንዴት ይከታተል እንደነበር ሁለታችንም አይተናልና። ማኅበራዊ ገጾቹም አይሆኑም አልን፤ ከጓደኞችሽ ግማሾቹ የእሱም ጓደኞች ናቸውና። ያን ጊዜ ነው እኔ ደረቴን ነፍቼ "ድረ ገጽ እከፍታለሁ፤ እሱንም እዚሁ ከቤታችን አስተናግደዋለሁ" ያልኩት። የማንንም ድርጅት ኮምፒውተር ሳንከራይ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር ከሳሎኑ በር ጀርባ አቆምኩት፤ ከቤታችን የኢንተርኔት መስመርም ጋር አገናኘሁት። ስለ ልጅሽ የሚጻፍ ነገር በባዕድ መጋዘን ሊቀመጥ አይገባም የሚል ጽኑ አቋም ነበረኝ። አንቺም "መዝገበ ቃላት ካለች አለች ነው" ብለሽ ሳቅሽ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣልኝ የሚጢ አባት መሆኑ ያኔ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ሚጢን ድመት አደረግናት። ገጹንም "የድመቷ ውሎ" አልነው። መርፌ የተወጋች ቀን "ድመቷ ሐኪሙን ቧጨረችው" ብዬ ጻፍኩ፤ ማንበብ የጀመረች ቀን "ድመቷ ጋዜጣ ላይ ተኝታ አልነሣም አለች" አልኩ። አንቺ ብቻ እንድትገቢበት የተከፈተው ገጽ የማላውቃቸው ሰዎች ማረፊያ ሆነ። ስለ ጥርሷ የጻፍኩ ጊዜ አንዱ አንባቢ "የድመት ጥርስም እንደ ሰው ይወልቃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። የእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ፈልጌ፣ የድመት ግልገልም የወተት ጥርሷን እንደምትቀይር አረጋግጬ፣ ሙሉ አንቀጽ መልስ ሰጠሁት። ለማስመሰል እንኳ ቢሆን ሐሰት መጻፍ አልወድም ነበር።

እማዬማ ጉዳዩን በራሷ መንገድ ተረድታው ነበር። በየማታው የእራት ሳህን ስታነሣ "ዛሬስ ስንት እንግዳ ገባ?" ትለኛለች።

"ከትናንቱ ይበልጣል፣ እማዬ።"

"ምስኪኖች! ቤታችን ድረስ መጥተው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይመለሱ?"

ከዚያም ለእንግዶቹ ክብር ብላ በኮምፒውተሩ ላይ የዳንቴል ጨርቋን ታለብሰዋለች። እኔ እንዳይግል ብዬ አነሣዋለሁ፤ እሷ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ትመልሰዋለች። እንዲህ እየተነታረክን፣ እሱም ከበሩ ጀርባ እንዳንጎራጎረ ደኅና ከረምን።

እንዲህ ያለው የቤት ድረ ገጽ አንድ ጠባይ አለው፤ የቤቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ጄኔሬተር አላቸው፤ እኛ ያለን ሻማ ነው። መብራቱ በተመለሰ ቁጥር ከገጹ ራስ ላይ ማስታወቂያ እለጥፍ ነበር፦ "ውድ አንባቢያን፣ ገጻችን ከረፋዱ ጀምሮ የተቋረጠው በሰፈራችን መብራት በመጥፋቱ ነው። ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።" የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝና አንባቢን ያለ ምክንያት ማንገላታት ነውር ይመስለኛል። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ጊዜ ትራንስፎርመር ነው አልኩ። ነፋስ ምሰሶ የጣለ ጊዜ ምሰሶ ነው አልኩ።

"የድመት ወዳጅ" የሚል ስም የያዘ አንባቢ የመጣው ያኔ ነው። "ቋንቋሽ እንዴት ያምራል! በዚህ ዘመን እንዲህ ተጠንቅቆ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ" ብሎ ጀመረ። ምስጋናው ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አልደብቅሽም። ገጹ በጠፋ ቁጥር ይጨነቅልኛል። "ትናንት ምን ሆናችሁ? ሰግቼ ነበር" ይላል። እኔም ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሄደ፣ መቼ እንደመጣ በትሕትና አስረዳዋለሁ።

የቤት ኢንተርኔት መስመር ሁሉ መለያ ቁጥር እንዳለው ነግሬሽ ነበር። ያ ቁጥር ከተማውን ይናገራል፤ ሰፈሩንና በሩን ግን አይናገርም። እኔም የተማመንኩት በዚህ ነበር። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ መብራት ኃይል በየትኛው ሰፈር መቼና ለምን መብራት እንደጠፋ ለሕዝብ የሚያሳውቅ መሆኑን ነው። የመብራት ኃይልን ማስታወቂያና የእኔን ይቅርታ ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው፣ ሰፈራችንን በየጊዜው ስነግረው ኖሬአለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ አስተያየቶቹን ስከፍት የድመት ወዳጅ አንዲት መስመር ጽፎ ጠበቀኝ፦ "ድመቷ አሁንም የግራ ጆሮዋን ይዛ ነው የምትተኛው?"

ደግሜ አነበብኩት። ከዚያም የጻፍኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ፈተሽኩ፤ ስለ ጆሮ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። እማዬ ጠረጴዛው ላይ የሚጢን ዩኒፎርም ታጥፍ ነበር።

"እማዬ፣ ሚጢ ጆሮዋን ይዛ እንደምትተኛ ማን ያውቃል?"

"ማን ያውቃል? እኔ፣ አንቺ፣ እናቷ..." አለችና እጇ እታጠፈው ልብስ ላይ ቆመ። "ምነው? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የነጣሽው?"

አስተያየቱን አነበብኩላት። እሷም ተነሥታ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ከጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ኮምፒውተሩን ወዲያው ላጠፋው ነበር፤ እጄ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አንቺ በማግስቱ ባዶ ገጽ ስታገኚ ምን እንደምታስቢ አሰብኩና ተውኩት። ይልቅ ስለ መብራት መጻፍ አቆምኩ። ፖሊስ ጣቢያም ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ አስተያየቱን ጮክ ብሎ አነበበና ባልደረባውን ዞር ብሎ አየው።

"እህቴ፣ ሰውየው የጠየቀሽ ስለ ድመት ነው።"

"ድመቷ የእህቴ ልጅ ናት።"

"ድመቷ ልጅ ናት፤ እሺ። ዝቶባችኋል?"

"አባቷ ነው። የእህቴን ክንድ የሰበረ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ልጅቷን እንዳይቀርባት..."

"ቀርቧችኋል ወይ ነው የምልሽ። በራችሁን አንኳኩቷል?"

"እስካሁን አላንኳኳም።"

"ያንኳኳ ለት ነይ" አለኝ፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ወንበሩን አስተካክሎ ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ዞረ።

ከዚያ በኋላ በመንገዳችን ላይ መብራት በየደጁ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ከመንገዱ ራስ ያለው ጸጉር አስተካካይ "ግማሽ ጭንቅላት ላጭቼ ሄደብኝ እኮ!" እያለ ሲያማርር ሰማሁ። በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ሆነ፤ ቀጥሎ ከእኛ በፊት ያለው ቤት። እያንዳንዱ ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል፤ የሌላው ሰው ግን አይጠፋም። ሰዉ መስመሩ አርጅቷል ይባባል ነበር። እኔ ግን ቤቶቹ በቅደም ተከተል መሆናቸውን አስተዋልኩ፤ ወደ እኛ እየመጡ መሆናቸውንም።  ሌላው ሰው "ተመለሰ" ብሎ ሲደሰት፣ እኔ አንድ ደጅ እንደቀረበ አስባለሁ።

ትናንት ማክሰኞ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። እማዬ ሚጢን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጥታ ነበር። የሕንፃችን ቆጣሪዎች ከታች፣ ከልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ ውጭው ግድግዳ ላይ በተርታ እንደተሰቀሉ ታውቂያለሽ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ ቆብ ያጠለቀ ወጣት መጣና ሳጥናቸውን ከፈተ። በአንድ እጁ ስልክ ይዟል። የመጀመሪያውን ብሬከር ወደ ታች ሲያደርገው የልብስ ሰፊዋ መኪና ዝም አለ። ስልኩን አየና መለሰው። ሁለተኛውን ሲያወርደው ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር የሚሰማው ሬዲዮ ከመሃል ተቆረጠ። ስልኩን አየና መለሰው።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለው ማንጎራጎር ቆመ።

እታለም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ወጣቱ ስልኩን በጣቱ ነካ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ነካ። ገጻችን ከየትኛው ቤት መብራት ጋር አብሮ እንደሚጠፋ እየፈተነ ነበር። ከዚያም ቀስ ብሎ ቀና አለና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ከመጋረጃው ኋላ ተለጥፌ ቀረሁ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ከሱቋ ስትወጣ ድምፅዋን ሰማሁ።

"አንተ! ምንድነው የምትነካካው?"

"ቆጣሪ ላነብ ነው፣ እናቴ።"

"ንባብ በዓይን መሆኑ ቀረ? የሰው ሱሪ ላይ መርፌዬን ሰክተህ አስቀረህብኝ እኮ!"

"ይቅርታ፣ እናቴ። ተሳስቼ ነው።"

"በል ያቺንም መልስና ሂድ፤ የላይኞቹን ቤት አጨለምክባቸው።"

"የላይኞቹ እነማን ናቸው?"

መስኮቱን ከፍቼ ልጮህ አሰብኩ፤ ብጮህ ግን ራሴን አጋልጣለሁ። ልብስ ሰፊዋም በሙሉ ልቧ፣ ሰው ስለ ደግ ጎረቤቱ በሚያወራበት ቃና፣ "አንዲት የተባረከች ሴትዮ ናት፤ ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር" አለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለና ሄደ። ብሬከሩን አልመለሰውም።

እማዬና ሚጢ ሲገቡ እዚያው ቆሜ ነበር። "መብራት ሄደ እንዴ?" አለች እማዬ ቦርሳዋን እያስቀመጠች። "አንድ ቆብ ያደረገ ልጅ ቦርሳ ልያዝልዎት ብሎኝ... ጨዋ ልጅ ነው። ሚጢንም ስምሽ ማነው አላት።"

"ምን አልሽው?" ብዬ ሚጢ ፊት በርከክ አልኩ።

"ድመት ነኝ አልኩት" አለች፤ በራሷ እየኮራች። "በጣም ሳቀ።"

እማዬ ፊቴን አይታ ወንበር ፈለገች።

ዛሬ ጠዋት የድመት ወዳጅ እንዲህ ጽፏል፦ "ድመቷ ቤቷ ሳይናፍቃት አይቀርም። ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ።" ፖሊሱ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን እንኳ ሰማኝ፤ ቅዳሜ አንድ ሰው ወደ ሰፈሩ ብቅ እንደሚል ነገረኝ። ብቅ ማለት በቂ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ደግነቱ ሚጢ ወደ አንቺ እንድትመጣ ስንጠብቀው የነበረው የጉዞ ፈቃድ ደርሷል። ትምህርት እስኪዘጋ ብለን ያቆየነውን ጉዞ ለነገ ማለዳ አደረግነው። የቀረው ክርክር ከእማዬ ጋር ነበር። ዛሬ ሻንጣ ስትሸክፍ የኔንም ልብስ ስትከት አየኋት፤ አወጣሁት፤ መልሳ ከተተችው።

"መሣሪያውን እንደበራ ትተነው አብረን ብንሄድስ?"

"ያ ልጅ ዳግመኛ መጥቶ ብሬከሩን ቢያወርደው ማን ወርዶ ይመልሰዋል? ገጹ ጠፍቶ ከቀረ ቤቱ ባዶ መሆኑን ያውቃሉ፤ እናንተ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ናችሁ። ወደ እህቴ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እማዬ። በመኪና ይደርስባችኋል።"

"እንግዲያው እኔ ልቅር፤ እኔ አርጅቻለሁ፤ ምን ያደርገኛል? አንቺ ውሰጃት።"

"ፈቃዱ ላይ ያለው የአያቷ ስም ነው። ደግሞስ ስለ ድመቷ ማን ይጽፋል? አጻጻፌን ያውቀዋል፤ ከአንድ መስመር ነው የለየኝ። ሌላ ሰው ቢጽፍለት አያምንም።"

እማዬ የኔን ሹራብ ጭኗ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው። ከዚያ "ቢመጣስ?" አለችኝ።

"በሩን አልከፍትም።"

"ሰብሮ ቢገባስ?"

"ያን ጊዜ ሚጢ አትኖርም" አልኳት። ለጥያቄዋ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷም አውቃለች። ሹራቡን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው።

ስለዚህ ሐሰት መጻፍ ጀምሬአለሁ። ዛሬ "ድመቷን ትንሽ ብርድ መታት፤ ጥቂት ቀናት ከቤት አትወጣም፤ መስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ ላይ ተጠቅልላለች" ብዬ ለጠፍኩ። የነገውንም የተነገ ወዲያውንም አዘጋጅቻለሁ። ሳነባቸው እውነት ይመስላሉ፤ የሚያስፈራኝም እንዲህ ማማራቸው ነው። አንባቢዎች "ማር ስጧት" "ይማራት" እያሉ ይጽፋሉ። ለእነዚያ የዋሆች ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።

ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። "ይቺን ምላሴን በመቀሴ በቆረጥኳት!" ብላ አለቀሰች። አጽናናኋት፤ ምክንያቱም ሰፈሩን የተናገረችው እሷ አይደለችም። ቅዳሜ በሯን ከፍታ ቀኑን ሙሉ እንደምትሰፋ፣ ወንድሟንም "ሱሪህን ለካው" ብላ እንደምትጠራው ቃል ገብታልኛለች። ወንድሟ ግዙፍ ሰው ነው፤ ለሱሪው ልኬት የሚበቃ ሜትር የላትም ብዬ ቀለድኩባት። ስቀን አበቃንና ሁለታችንም በሩን አየን።

በጣም እፈራለሁ፣ እታለም። ልንገርሽ፤ ከማን እደብቀዋለሁ? ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ይህን አንቀጽ ስጽፍ እንኳ ከአንዴም ሁለቴ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ሹፌሩ ነበር፤ ሁለተኛው ማን እንደነበር አላወቅሁም፤ ታች ወርዶ ሄደ። ሚጢ አጠገቤ ሆና ሥዕል ትሥላለች። "አክስቴ፣ ስንሄድ አንቺ ከኋላ ነው የምትመጪው ወይስ ከፊት?" አለችኝ። "ከኋላ" አልኳት። ይህን ቃሌን ልጠብቀው የምመኘውን ያህል በሕይወቴ የተመኘሁት ነገር የለም።

አሁን የምልሽን እንደ ታናሽ ሳይሆን እንደ እኩያ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ሆነሽ ገጹን አትክፈቺው፤ ሰው ከየት እንደገባበት ከዚህ ማሽን ላይ እንዲነበብ አልፈልግም። ሳትከፍቺው መቆየት ካቃተሽም እንዳታምኚው፤ የምታነቢው የእህትሽ እውነት አይደለም። ሚጢን ትምህርት ቤት አስገቢያት፤ ንባቧ ከእድሜዋ ይቀድማል፤ ቃላት ስትስት አትሳቂባት፣ አርሚያት እንጂ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ አያመኝም ብትልሽ አትስሚያት። የክንድሽ ስብራት በብርድ እንዳይነሣብሽ ሙቀት ያዢለት።

ፈጣሪ ጣሪያሽን ያጽናልሽ፤ በርሽን የወዳጅ እጅ ብቻ ያንኳኳልሽ፤ የልጅሽን እንቅልፍ ማንም አይድፈረው። እማዬን እኔን ሆነሽ፣ ሚጢን ደግሞ እንደራስሽ ሳሚልኝ።

ምናልባት ሳይሆንልሽ ቀርቶ ገጹን ብትከፍቺውና ብታጪው፣ መብራት ጠፍቶባት ነው ብለሽ አስቢ። ሰፈራችንን ታውቂዋለሽ፤ መብራት ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ይቆያል።

የምትወድሽ ታናሽሽ